ለቅሬው ግሩፕ የተላከ ቀልድ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከደሴ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ፒያሳ አካባቢ ሞባይል ጥገና የምሠራ ልጅ ነኝ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የቴክኖሎጂ ወሬ እየተቀባበልን የምንስቅበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ማን ምን አፕ አወጣ፣ የትኛው ሀብታም ምን ተናገረ፣ ሁሉም ላይ አስተያየት አለን፤ ሁሉም ላይ ቀልድ እንሠራለን። በቀደም ማስታወቂያ አስመስዬ እንዲህ ጻፍኩ፦ ‹ቴሌግራም ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በወር 150 ብር ያስከፍላል። ደህና አደራችሁን በአበባ ፎቶ ለሚልኩ በአንድ አበባ 3 ብር ይታሰባል። ያልከፈለ ሰው ዕዳው በስልክ ቁጥሩ ይመዘገባል።› መጨረሻው ላይ የሳቅ ምልክት አድርጌበታለሁ። ጓደኞቼ በሳቅ ፈረሱ። እኔም ጣፈጠኝና የሰፈራችን ቅሬ (የእድራችን) ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ግሩፑን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ አድሚኑም እኔው ነኝ።

አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ዕዳ ሳይመጣብኝ ብለው የጎረቤት ልጅ ቴሌግራማቸውን እንዲያጠፋላቸው አደረጉ። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ ልጃቸው ድምፅ እየላከች መልስ ስታጣ አራት ቀን አልቅሳ፣ በመጨረሻ በጎረቤት ስልክ አገኘቻቸው። በዚያው ሳምንት ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ። ለቅሶው በግሩፕ ስለተነገረ አልሰሙም፤ ቀብር ቀሩ፤ ቅሬውም ቅጣት ጻፈባቸው። ያ መልእክት ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ጋ ደርሶ ወደ እኔው ተመልሷል፤ አናቱ ላይ ‹አጣዳፊ ማሳሰቢያ› የሚል ተጨምሮበት፣ የሳቁ ምልክት ግን የለም። የቅሬው ዳኛ ‹ቀልድና ቅዘን ቤት ያበላሻል› ብለው በሰው ፊት ተቆጡኝ። ጓደኞቼ ደግሞ ቀልድ ያልገባው ሰው ችግሩ የራሱ ነው፣ አበባ በ3 ብር ሲታሰብ የት ታየ ይሉኛል። እናትየዋን ማየት አፍሬያለሁ። ቴሌግራማቸውንም እስካሁን አልመለሱትም። ከግሩፑ ልውጣ? ቀልዱንስ ጨርሶ ልተው?»

ወንድሜ፣

መጀመሪያ የጓደኞችህን ነገር እንጨርስ፤ እሱ ላይ ካልተግባባን የቀረው ምክር አይያዝም። «ቀልድ ያልገባው ሰው ችግሩ የራሱ ነው» ብለውሃል። በዚህ አልስማማም። እንደ እኔ እምነት እኚህ እናት ዘመኑን ከእናንተ በተሻለ አንብበውታል።

እናንተ ራሳችሁ ስትቀባበሏቸው ከከረማችሁት እውነተኛ ዜናዎች ጥቂቱን አስታውስ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ኤሎን መስክ ዓለም ሁሉ የሚያውቃትን የትዊተርን ሰማያዊ ወፍ አውርዶ ቦታዋ ላይ አንድ ኤክስ ፊደል ተከለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የቴሌግራሙ መሥራች ፓቬል ዱሮቭ በራሱ ቻናል ላይ የዘር ፈሳሽ በመለገስ በ12 አገሮች ከ100 በላይ ልጆች እንዳሉት ጻፈ። ወር ሳይሞላው፣ ነሐሴ 18 ቀን፣ ፓሪስ አጠገብ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ የፈረንሳይ ፖሊስ ያዘው። እነዚህን ሦስት ዜናዎች ከአንተ ማስታወቂያ ጋር አራት አድርገህ እኚያ እናት ፊት ብትዘረጋቸው፣ ሐሰቱ የትኛው ነው ብለው ይመርጡ ነበር? እኔ ብሆን የአንተን እውነት ብዬ መቶ ልጆቹን ነበር ሐሰት የምለው።

የገንዘቡም ነገር ቢሆን ከየትም የመጣ ፍርሃት አይደለም። ዋትስአፕ እስከ ጥር 2008 ዓ.ም. ድረስ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ በዓመት አንድ ዶላር ገደማ የሚጠይቅ አፕ ነበር። ቴሌግራምም ከሰኔ 2014 ጀምሮ ፕሪሚየም እያለ ለሚፈልግ ሰው ተጨማሪ አገልግሎት በወርሃዊ ክፍያ ይሸጣል። ዋናው አገልግሎት ነፃ ነው፤ ግን አንዲት እናት ይህን መስመር ከየት ያውቁታል? «ቴሌግራም ያስከፍላል» የሚለው ወሬ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ሰው ያሳስታል።

«አበባ በ3 ብር ሲታሰብ የት ታየ» ላሉትም መልስ አለኝ። የ2016ን ክረምት እናስታውስ። ቡና ቤቱም፣ ሚኒባሱም፣ የታክሲ ሰልፉም ላይ ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ሃምስተር ኮምባት የሚባለውን የቴሌግራም ጨዋታ አይጥ ሲነካካ ነበር። እናቶች «ምን እየሠራችሁ ነው?» ሲሉ «ብር» ተባሉ። ያ መልስም ጨርሶ እብደት አልነበረም፤ ግንቦት ላይ ኖትኮይን የሚባለውን ተመሳሳይ ጨዋታ የነካኩ ሰዎች እውነት ብር አግኝተዋል። የሃምስተሩ ሳንቲም መስከረም 16፣ በደመራው ዕለት፣ ሲከፋፈል ግን ብዙው ሰው የጠበቀውን አላገኘም። እንግዲህ ጣትን ስክሪን ላይ በመምታት ብር ይመጣል ተብለው የከረሙ እናት፣ አበባ በመላክ ብር ይሄዳል ሲባሉ ለምን አያምኑ? እንደ ሒሳብ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል።

ስለዚህ ጓደኞችህን «አልገባቸውም» የሚለውን ተዉት በላቸው። ገብቷቸዋል። ዜናው ራሱ እንደ ቀልድ በሚነገርበት ዘመን ቀልድና ዜናን የሚለይላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ያ ሰው ደግሞ ሰፈራችሁ ውስጥ አንተ ነህ። ስልካቸው ሲቆልፍባቸው የሚከፍተው ማን ነው? ቻርጅ አልይዝ ሲል፣ ድምፅ ሲጠፋ፣ «ሜሞሪ ሞልቷል» እያለ ሲያስቸግር የሚመጡት ወደ ማን ነው? እዚያ ግሩፕ ላይ ስለ እግር ኳስ ብትጽፍ ከማንም እኩል ነህ። ስለ ስልክ ስትጽፍ ግን ቃልህ ማኅተም አለው። ያኛው ማስታወቂያ ከሌላ ልጅ መጥቶ ቢሆን እኚህ እናት «እስቲ ያን ስልክ ሠሪ ልጠይቀው» ብለው አንተ ጋ ይመጡ ነበር። ከአንተ ሲመጣ ማንን ይጠይቁ?

የቅሬ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። የቅሬ ጥሩንባ የያዘ ሰው ትንፋሹን ለመሞከር ብሎ ሌሊት አይነፋም። ቢነፋ ሰው ጋቢውን ለብሶ ይወጣል፤ ሴቶቹ መቀነታቸውን እያሠሩ ይወጣሉ፤ ከወጡ በኋላ «ቀልዴን ነው» ቢላቸው ማንም አይስቅለትም። አንተ ያንን ጥሩንባ በራስህ እጅ ወደ ቴሌግራም አመጣኸው። ጥሩ ሥራ ነው፤ በድካም ይዳረስ የነበረውን መልእክት ለሁሉም በአንዴ አድርሰሃል። እዚያ የሚለጠፍ ነገር ግን ሁሉ እንደ ጥሩንባ ይሰማል። የአራቱ ልጆች ግሩፕ ላይ የሳቅ ምልክት የሚሠራው እናንተ አራታችሁ ስለምትተዋወቁ ነው። ቅሬው ላይ አይሠራም፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ምልክቱ ራሱ ወልቆ ቀርቷል። ሰው ጽሑፉን ኮፒ ሲያደርግ መጨረሻው ይቆረጣል፤ ዘመድ የረዳ መስሎት አናቱ ላይ «አጣዳፊ» ይጨምርበታል። ቀልድ ከቤት ሲወጣ መጀመሪያ የሚጥለው ሳቁን ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ያስከፋኝ ነገር ልንገርህ። ከመላው ማስታወቂያ ውስጥ ጓደኞችህን ያሳቀው የትኛው ቦታ እንደሆነ መገመት አይከብደኝም፤ አበባው ነው። ጠዋት ጠዋት በጽጌረዳ የተከበበ «ደህና አደራችሁ»፣ አርብ «ጁምዓ ሙባረክ»፣ እሑድ ደግሞ ሻማና መስቀል ያለበት ፎቶ። ወጣቶች በዚህ እንደምትስቁ አውቃለሁ፤ ስልክ ያጨናንቃል ትላላችሁ። እኔ እዚያ ፎቶ ውስጥ የማየው ሌላ ነገር ነው። ብቻቸውን የሚያድሩ እናት ጎህ ሲቀድ ያን አበባ ሲልኩ «አለሁ፣ ደህና አድሬያለሁ» ማለታቸው ነው። መጻፍ የማይሆንላቸው ሰው በአንድ ነካ ሰፈሩን ሁሉ ሰላም ይላሉ። ቡናው ሲፈላ ጎረቤት መጥራት ወትሮም የእነሱ ሥራ ነበር፤ ልጆቹ ዐረብ አገር ሲሄዱ፣ ጎረቤቱ ኮንዶሚኒየም ሲገባ፣ ሰላምታው ወደ ስልኩ ገባ። ጅዳ ያለችው ልጅም እናቷ በሕይወት መኖራቸውን የምታውቀው ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ ስልኳን ስትከፍት በምታየው በዚያ አበባ ይሆናል። አንተ ዋጋ የተመንህለት ይህን ነው። ጥፋትህ ቀልድ መሥራትህ አይደለም። እዚህች ላይ ግን የቀልዱ አፍ ወደማን እንደዞረ ልብ ብትል ደስ ይለኛል። አንድ ወፍ በፊደል የለወጠ ቢሊየነር እያለልህ የእናቶችን አበባ መምረጥህ አላማረኝም።

ወደ ሥራው እንግባ።

ከሁሉ በፊት እናትየዋ ቤት ሂድ፤ በስልክ አይሆንም፤ በሌላ ሰውም አይሆንም። ቡናና ስኳር ይዘህ ሂድ። ነገሩን ከደጅ ቆመህ አትጀምረው፤ ቡና ከተፈላልህ በረካ ድረስ ቁጭ በል። «እማማ፣ ያ ማስታወቂያ የእኔ ውሸት ነበር፤ ቴሌግራም አያስከፍልም፤ አፉ በሉኝ» በላቸው። «ቀልዴን እኮ ነው» የምትለዋን ቃል አውጣት፤ ይቅርታውን ታቀልለዋለች። ይቅርታ ከጠየቅህ በኋላ ዝም በል። ቢቆጡህ ይቆጡ፤ ቢያለቅሱ ያልቅሱ። የወሎ እናት ናቸው፤ መርቀው እንደሚሸኙህ አልጠራጠርም፤ ምርቃቱን ግን አታስቸኩለው።

ከዚያ ስልካቸውን ተቀበል። ሙያህ ስለሆነ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ለሌሎች አንባቢዎች ስል ግን ላብራራው። የጎረቤት ልጅ ያጠፋው አፑን ብቻ ከሆነ የጠፋ ነገር የለም። የቴሌግራም መልእክት የሚቀመጠው ስልኩ ላይ ሳይሆን ኩባንያው ጋ ነው። አፑን መልሰህ ጭነህ፣ ቁጥራቸውን አስገብተህ፣ በቴክስት የሚመጣውን ኮድ ስትሞላ ሁሉም ይመለሳል፤ ልጅቷ በእነዚያ አራት ቀናት የላከቻቸው ድምፆችም ሳይነኩ ይገኛሉ። አካውንቱን ራሱን ሰርዞት ከሆነ ግን እንደ አዲስ መክፈት፣ ወደ ቅሬው ግሩፕም እንደገና ማስገባት ይኖርብሃል። የትኛው እንደሆነ ሳታይ ተስፋ አትስጣቸው። ሥራው ሲያልቅ ለልጃቸው ድምፅ እንዲልኩላት አድርግ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ አንተም ተናገርና ጥፋቱ ያንተ እንደነበር ለልጅቷ አስረዳት። ሰው አገር ሆና አራት ቀን ያለቀሰች ልጅ «እናቴ ምን ሆና ነበር?» የሚለው ጥያቄዋ ከባለጉዳዩ አፍ ሊመለስላት ይገባል።

ቅጣቱን አንተ ክፈል። ጸሐፊው ጋ ሹክ ብለህ አይደለም፤ ማስታወቂያውን በሰው ፊት እንደለጠፍከው ሁሉ በስብሰባው ላይ ተነሥተህ «የእሳቸው መቅረት በእኔ የመጣ ነው፤ ቅጣቱ በእኔ ስም ይጻፍ» በል። ገንዘቡ ከባድ እንደማይሆን እገምታለሁ። እሳቸውን የሚከብዳቸው ስማቸው ከቀብር ቀሪዎች ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ነው። ከዚያ የሚያወጣቸው ያንተ ምስክርነት ብቻ ነው። ዳኛውም የተቆጡህን ቁጣ በዚያው ያነሡልሃል።

ግሩፑ ላይ ደግሞ ማስተካከያ ጻፍ። አሮጌውን መልእክት ዝም ብሎ ማጥፋት አይበቃም፤ አንተ ጋ ቢጠፋ ኮፒው ኮምቦልቻ ነው፤ ምናልባትም ሐይቅና ሐርቡ ደርሷል። እንዲህ አድርገህ ጻፈው፦ «በእኔ በአድሚኑ የተለጠፈው የቴሌግራም ክፍያ ማስታወቂያ ውሸት ነው። ቴሌግራም መልእክት ለመላክም፣ ለመቀበልም፣ አበባ ለመላክም አያስከፍልም። ዕዳ የሚባል ነገር የለም። መልእክቱን ለሌላ ሰው የላካችሁ ይህንንም ላኩላቸው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ምንም ቀልድ አትጨምርበት፤ ምልክትም አታድርግበት። ከላይ ፒን አድርገው፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ያንኑ በድምፅህ ቀርጸህ ላክ። ለአክስትህም ራስህ ደውልላት።

«ከግሩፑ ልውጣ?» ላልከው፣ በፍጹም። ብትወጣ የሚከተለውን ነገር ማን ይነግራቸዋል?

አሁን በየቴሌግራሙ የሚዞር አንድ ተንኮል አለ፤ ሱቅህ ድረስ እያለቀሱ የመጡ ሰዎች እንዳሉ እርግጠኛ ነኝ። ከምናውቀው ሰው ስም «ልጄ ውድድር ላይ ናት፤ እባክዎ ድምፅ ይስጡልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። ሊንኩን ሲነኩት ቴሌግራምን የሚመስል ገጽ ይከፈትና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ሲገባ ሌባው በዚያው ቅጽበት በዚያ ቁጥር ለመግባት ይሞክራል፤ እውነተኛው ቴሌግራም ደግሞ የመግቢያ ኮድ ይልካል። ሰውየው ኮዱን ገጹ ላይ ሲጽፍ ቤቱን ከፍቶ አስገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሌባው በሰውየው ስም ለዘመድ አዝማድ ሁሉ «ቸግሮኛል፣ ዛሬውኑ በቴሌብር ላክልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» እያለ ይጽፋል። ይህ ነገር ቅሬ ውስጥ ሲገባ አስበው። ለተቸገረ መድረስ የቅሬው ሥራ ነው፤ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሰው የሚያፍረው ሳይልክ ቢቀር ነው።

መከላከያው ከባድ አይደለም፤ ግን አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የሚያደርግላቸው ሰው ይፈልጋል። ሴቲንግ ውስጥ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ከሚለው ሥር፣ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚል አለ። እሱ ከተከፈተ ሌባው ኮዱን እንኳ ቢያገኝ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ስለሚጠየቅ አይገባም። ዲቫይስስ የሚለው ውስጥ ደግሞ አካውንቱ የት የት ስልክ ላይ እንደተከፈተ ይታያል፤ የማያውቁት ካለ ያስወጡታል። የይለፍ ቃሉን ራሳቸው ይምረጡ፤ አንተም አትወቀው፤ ወረቀት ላይ ጽፈው ሳጥናቸው ውስጥ ያኑሩት። «ለማንም የማይሰጥ» ስትላቸው «ለእኔም ጭምር» በላቸው።

ቀልዱን ጨርሰህ አትተው። እውነቴን ነው። ይህ ሁሉ ኩባንያ፣ ይህ ሁሉ አፕ፣ ይህ ሁሉ «ዓለምን እንለውጣለን» የሚል ንግግር ካልተሳቀበት ሰው ይታመማል። አራታችሁ የምትስቁባት ግሩፕ ትኑር። ስለ ዱሮቭ መቶ ልጆች የፈለጋችሁትን በሉ፤ እሱ ራሱ ነው ለዓለም ያወራው። እዚያም ቢሆን ግን አንድ ነገር አስቡ። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው ሒሳቡ ውስጥ ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣት ሲችል፣ ያን ሌሊት ኢንተርኔቱ በቀልድ ተጥለቀለቀ። «ሩጡ፣ ኤቲኤም ተከፍቷል» የሚለው ለአንዳንዱ ሳቅ ነበር፤ ለአንዳንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ጥሪ ሆነ። በኋላ ባንኩ ብሩን መልሱ ሲል፣ ያልመለሱትንም ስምና ፎቶ ሲለጥፍ፣ ቀልዱን ከጻፉት ውስጥ አብሮ የከፈለ አላየሁም። «ሩጡ» የሚል ቀልድ ከመጻፍህ በፊት የሚሮጠው ማን እንደሆነ አስብ።

ለጓደኞችህም ሥራ አለኝ። ሦስቱንም በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ይዘሃቸው ና፤ «የት ታየ» ያለውን በተለይ እንዳትረሳው። ከጸሎቱና ከሒሳቡ በኋላ ዳኛውን አስፈቅዳችሁ አንድ አግዳሚ ላይ ቁጭ በሉና የእያንዳንዱን አባል ስልክ አንድ በአንድ እያያችሁ ያን ሁለተኛ የይለፍ ቃል አስከፍቱላቸው። ዓይናቸው ለደከመው ጽሑፉን አጉሉላቸው። ለእናቶቹ ያንን የአበባ ፎቶ በቀላሉ የሚያገኙበትን ቦታም አሳዩአቸው። ፓወር ባንክ መያዝ አትርሱ፤ የአብዛኛው ሰው ስልክ ቻርጁ ያለቀ ነው የሚሆነው።